ዜሮ ሴንቲሜትር

ሚያዝያ ገብቷል ይላል የግድግዳው ወረቀት፤
ልጆቹ ቀለም ነክረው በጣት ጽፈውበት።
ውጭ ግን በረዶው ጥላሸት ለብሶ፣
አድማ እንደ መታ ሰው አጥሩን ተንተርሶ፣
አልነቃነቅ አለ ዊኒፔግን ወርሶ።

እኔ፣ መጥረጊያና የቁልፍ ዘለላ ይዤ የምዞረው፣
ልጆች «ሚስተር ላቀው» የሚሉኝ የጽዳት ሠራተኛው፣
ጸደይን የማውቀው በወለሉ ነው፦
ጭቃ ሲበዛ፣ ጓንት ሲጠፋ፣
ቦት ጫማ በየደፉ ተጋድሞ ሲያንቀላፋ።

ሚስ ፍሪዘን አንድ ጠዋት ባልዲ አስይዛ አስወጣቻቸው፤
«ጸደይን ልንለካ ነው» አለቻቸው።
የመስተዋት ማሰሮ በበረዶ እስከ አፉ ሞሉ፤
ቀይ መስመር አሰመሩ፣ «እዚህ ነበር» ሊሉ።
ከምሳ መልስ ሲያዩት
ውሃው ሁለት ጣት፤
ጠጠር፣ የውሻ ፀጉር፣ የጓንት ክር ተኝተውበት።
አንዱ ጮኸ፦ «የቀረውን ማን ጠጣው?»
ሁሉም ዞሩ ወደ እኔ፣ ወደ ባለ መወልወያው።

ከዚያ ባቄላው መጣ፤ ሃያ ሦስት ኩባያ፣
ከማሞቂያው በላይ ተደርድሮ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
እርጥብ ሶፍት ተጎናጽፎ እያንዳንዱ ፍሬ
እንደ ታመመ ሰው ይጠየቃል፦ «እንዴት አደርክ ዛሬ?»
በአምስተኛው ቀን የዳኒሎ ቆዳውን ቀደደ፤
በስድስተኛው የኦሉቺ ነጭ ሥር ሰደደ፤
ሌላውም ተከታትሎ አንገቱን አቀና።
የታላ ብቻ ዝም አለ።
ዝም አለ እንደገና።

እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ማስመሪያዋን ታቆማለች፤
ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች፤
ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፦ ዜሮ።
በማግስቱም፦ ዜሮ።
ዜሮዋ ድፍን ያለች፣ በጥንቃቄ የተከበበች፣
ምንም ያልጎደላት ትመስላለች።

አርብ ማታ ሕንጻው ባዶ ሲሆን አላስቻለኝም።
ስልሳ በር የሚከፍት ቁልፍ ወገቤ ላይ አለ፤
አንዲት የባቄላ በር ግን እምቢ አለ።
ወደ ብራንደን የተዛወረ ልጅ ነበረ፣
ስሙ ከመዝገብ ወጥቶ ባቄላው የቀረ፤
አራት ሴንቲሜትር! ቅጠሉ እንደ ታጠፈ መሐረብ።
እሱን ወደ ታላ ኩባያ አዛወርኩ፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ባንክ የምዘርፍ መሰልኩ።
የሷን ፍሬ ግን መጣል ፈራሁ። ዘር አይጣልም።
ኪሴ ከተትኩት፣ ከቁልፉ ጋር። ማንም አላየኝም።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ መወልወያ ተደግፌ
ጩኸቷን ጠበቅኩ፣ ፈገግታዬን ቀድሜ አሰልፌ።
ማስመሪያዋን አቆመች። አራት።
ደግማ አቆመች። አራት።
አልጮኸችም። ጎንበስ እንዳለች ቆየች ብዙ ሰዓት።
«ሚስ ፍሪዘን፣ ይሄ የኔ አይደለም።
የኔ ዓይኑ ሥር ጠባሳ አለው፤ እዚህ ላይ ጠባሳ የለም።»

ክፍሉ በሙሉ ዞረ።
በረዶውን የጠጣው ማን እንደሆነ ያውቁ የለ!
ምን ልበል? እጄን ኪሴ ሰደድኩ፤
ትንሽ ደርቋል፣ ክር ተለጥፎበታል፤ ከነጠባሳው አወጣሁ።
አልተቆጣችም። እንደ ሐኪም ተቀብላ አገላበጠችው፤
የሰው ባቄላ ወደ ሰው ኩባያ መለሰችው፤
የራሷን በአዲስ ሶፍት ጠቅልላ አስተኛችው።
«ያደገውን አትወስጂም እንዴ?» አላት ዳኒሎ።
«እኔ የምለካው ይሄን ነው።»

ማታ ስጠርግ ማሞቂያውን አንድ ዲግሪ ጨመርኩ
(ይህ ለሁሉም ነው አልኩ)።
ደብተሯ ተከፍቶ ነበር፤ ማንበብ አይገባኝም፤ አነበብኩ፦

«ሰኞ። ዜሮ ሴንቲሜትር።
ቅዳሜና እሁድ በሚስተር ላቀው ኪስ ሽርሽር ሄዶ ነበር።
ደክሞት ይሆናል።»